ሁለት ጤነኛ ጥርሶች

ውድ ቶርሌፍ፣

በመጋቢት ሳትሰናበተኝ ከቤርገን ከሄድክ ወዲህ ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን እጨርሰዋለሁ።

አባታችን ምድር ቤት ወዳለው የጥርስ ክሊኒኩ ጎትቶ ሲያወርድህ ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። እናታችንን እንደሚደበድባት ለአስተማሪህ ተናግረህበት ነበር። ወንበሩ ላይ ጣለህ፣ በጥፊ እየመታ አፍህን አስከፈተህ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እጁን ያዢ» አለኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ያዝኩ። ያለ ማደንዘዣ ሁለት ጤነኛ የመንጋጋ ጥርሶችህን በጉጠት ነቀላቸው። ሁለተኛው ተሰብሮ ስለቀረ ሥሩን ፈልፍሎ አወጣው። ደምህ እጅጌዬን አራሰው። በማግስቱ አስተማሪህ ስትጠይቀኝ፣ ጥርሶቹ በስብሰው ነው አልኳት። ከዚያ ወዲህ የደሴታችን ሰው ሁሉ ውሸታም አለህ። በአሥራ ስድስት ዓመትህ በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ጠፋህ።

እኔም ጥርስ ሐኪም ሆንኩ። የጥርስ ሕክምና የሚፈሩ ሰዎች የመሰርሰሪያ ድምፅ ሲሰሙ አንጎላቸው ውስጥ ምን እንደሚነቃ በኤምአርአይ የሚያጠና ቡድን ውስጥ ገባሁ። ለጥናቱ ፈቃደኞችን የምንጠራበትን ማስታወቂያ አይተህ ስትደውልልኝ ድድህ መግል ይዞ፣ ሐኪም ፊት ግን አፍህን መክፈት አቅቶህ ነበር። «የአንጎሌን ሥዕል አንሺ፤ እውነቴን እንደነበር ለደሴቱ ሰው አሳዪልኝ» አልከኝ። ዘመድ መመርመር ክልክል ነው። ስምህን ደብቄ በቁጥር ብቻ መዝግቤ አስገባሁህ።

መሣሪያው ውስጥ ተኝተህ ሳለ የመሰርሰሪያውን ድምፅ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥቂት እንኳ ሳይቆይ ጭንቅላትህን የያዘውን ክፈፍ ገንጥለህ እየተንፈራገጥክ ወጣህ። ልታረጋጋህ የሮጠችውን ባልደረባዬን ኢንግቪልድን በክርንህ መትተህ አፍንጫዋን ሰበርክ። እኔን አንገቴን አንቀህ ከግድግዳው ጋር አጣበቅከኝ። ዓይኔ ሲጨልም ለቀቅከኝ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለህ ጠየቅከኝ።

«ሥዕሉ ምን ይላል?»

«መፍራትህን ያሳያል። ማን እንዳስፈራህ አያሳይም።»

«አንቺስ ትናገሪያለሽ?»

ወደ ኢንግቪልድ ዞሬ የአፍንጫዋን ደም መጥረግ ጀመርኩ። ጃኬትህን አንስተህ ሄድክ።

ባለፈው ማክሰኞ ወደ ደሴቱ ተሻግሬ ያደረገብህን ለፖሊስ ልናገር መሆኔን ለአባታችን ነገርኩት። ሰማንያ ሞልቶታል፤ ጉልበቱ ግን አልከዳውም።

«እጁን የያዝሽው አንቺ አይደለሽ? ማን ያምንሻል?» አለኝ።

እሱንም እናገራለሁ ስለው በከዘራው አፌን መታኝ። የፊት ጥርሴ ምላሴ ላይ ወደቀ። ተፋሁት፤ አፌን በሻርፕ ይዤ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ።

ፖሊሷ፣ ለእኔ ጥርስ አባታችን በሕግ እንደሚጠየቅ፣ ያንተ ግን ዘመኑ ስለራቀ ፍርድ ቤት ላይቀበለው እንደሚችል ነገረችኝ። ቢሆንም ሁሉንም ጻፈች፤ እያንዳንዱን ገጽ ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ለአስተማሪህ ወሰድኩላት። በሕይወት አለች፤ አንብባ ስታበቃ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ሌላውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለፈለግከው ሰው አሳየው።

ኢንግቪልድ አልከሰሰችህም። እኔን ደንብ በመጣሴ ከጥናቱ አስወጥተውኛል፤ አልተከራከርኩም።

ድድህ ግን ጊዜ አይሰጥም። በማደንዘዣ አስተኝታ የምታክምህ ሐኪም አግኝቻለሁ። ከመጣህ እኔ ውጭ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። ካልጠራኸኝ አልገባም።

እህትህ፣
ራግና