ተጎታቿ ውሃ ታስገባ እንደሆነ

ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።
የግቢው ቁልፍና የጋብቻ ቀለበቴ ጠረጴዛው ላይ ናቸው።

ስምንት ወር ሙሉ ኮምፔንሳቶ እያጎበጥክ የሠራሃት፣ ለሽርሽር መኪና ኋላ የምትታሰር የመኝታ ተጎታች ቁርጥ የእንባ ጠብታ መስላ ወጥታለች፤ አልክድም፣ እጅህ ወርቅ ነው። የበሩን እጀታ ግን በውጭ በኩል ብቻ ገጠምክ። ስነግርህ "ይደርሳል፣ ምን አስቸኮለሽ?" አልከኝ።

ቅዳሜ እኔን ውስጥ ዘግተህ፣ ታስገባ እንደሆነ ለማየት ጣራዋ ላይ ውሃ ከፈትክ። ከዚያ ተደወለልህና ኳስ ልታይ ሄድክ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ግድግዳዋን ስደበድብ ቆየሁ። መጥተህ ስትከፍትልኝ ያልከኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፦
"አስገባች?"

ያን ዕለት አልመለስኩልህም።
ጠብታ አላስገባችም።

ዛሬ ጠዋት በገዛ መሰርሰሪያህ ጣራዋን አሥራ ሁለት ቦታ በስቼዋለሁ። ውሃውንም ከፍቼዋለሁ። ገብተህ ተኛና እይ።

በሩን የሚዘጋብህ ግን ሌላ ሰው ፈልግ።