ለአቤቱታዋ መልስ ሽማግሌ ስለላካችሁልን

ይድረስ ልጄ ለምትማርበት ኮሌጅ ክቡር ዲን፣
በእርስዎም በኩል ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ሰባት ክቡራን፣
ከሚሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? ቤተሰቡ፣ ቢሮው፣ ማኅተሙ ሁሉ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ያልሆነችው ልጃችን ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ደህና መሆኗ በእናንተ ደብዳቤ ተጽፎ ስለደረሰን ተጽናንተናል።

እኔ አብዱልጀሊል ሙጂብ እባላለሁ፤ እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ እየተመላለስኩ ከብት የማሻሽጥ ደላላ ነኝ። ልጄ ዓፊያ በኮሌጃችሁ የእንስሳት ጤና ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ስሟን በአደባባይ የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ እንዲያውም ያጠፋሁት ነገር የለምና ስሜ ይጻፍ ብላ ያዘዘችኝ እሷው ናት። የመምህሩን ስም ግን አልጽፍም። እናንተ ከኅዳር ጀምሮ እንደ እንቁላል ተጠንቅቃችሁ የያዛችሁትን ስም እኔ በአንድ ቀን ብሰብረው ደግ አይሆንም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ኅዳር ዓፊያ ለኮሚቴው አንድ ገጽ አቤቱታ አስገባች። መምህሩ በክሊኒኩ የተግባር ትምህርት ላይ ሌሎቹን እያሰናበተ እሷን እንደሚያስቀራት፣ መርፌ አያያዝ ላሳይሽ እያለ ወገቧን እንደሚይዛት፣ ተው ስትለው እንደሳቀባት፣ በመጨረሻም የተግባር ውጤትሽን ከፈለግሽ ከተከራየሁት ቤት መጥተሽ ውሰጂ እንዳላት ጻፈች። ቀኑን ጻፈች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ ፈረመች። ኮሚቴውም አቤቱታውን ከማየቱ በፊት ትንኮሳ ማለት ምን ማለት እንደሆነ መተርጎም አለብኝ ብሎ ተቀመጠ። ትርጉሙ አራት ወር ፈጀ። ለዚህና ለተከታዩ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ሰነዱ። አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ ማኅተሙ በየገጹ ያምራል። ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ሁሉም ወንዶች ቢሆኑም ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ሴት በመሆኗ የሴቶች ተሳትፎ እንደተሟላ በመግቢያው ላይ ተገልጿል። በአንቀጽ አራት አንዲት ተማሪ ስትነካ ካልጮኸች እንደፈቀደች ይቆጠራል ይላል፤ በአንቀጽ ዘጠኝ ደግሞ በግቢው ውስጥ መጮኽ ጸጥታ ማወክ ስለሆነ ያስቀጣል ይላል። ልጃችን በአራትና በዘጠኝ መካከል የት ላይ እንድትቆም እንደታሰበ አልገባንም፤ የተማሩ ሰዎች ስለጻፉት ግን ቦታ ሳይኖራት አይቀርም። ንክኪው ያልተፈለገ መሆን አለመሆኑን የነካው ሰው ራሱ በቅን ልቦና እንዲያስረዳ መደረጉም ለፍርድ ያላችሁን ጥንቃቄ ያሳያል። ሌባው መስረቁን ራሱ እንዲወስን የሚያደርግ ደንብ በገበያችን ቢኖር ኖሮ ፖሊስ ባላስፈለገን ነበር።

ሁለተኛ፦ ትንኮሳን መተርጎም ይህን ያህል ከባድ መሆኑን ስላሳወቃችሁን። እኛ ያልተማርነው ቀላል መስሎን ኖረናል። በሰንበቴ ገበያ አንድ ገዢ የሙክት ጀርባ ዳብሶ ስቡን ለመገመት ወይም አፉን ከፍቶ ጥርሱን ለማየት ሲፈልግ አስቀድሞ ባለቤቱን ያስፈቅዳል። ባለቤቱ አይሆንም ካለ እጁን ሰብስቦ ያልፋል። ከአፋር በረሃ የመጣውና ከደጋ የወረደው በቋንቋ ሳይግባቡ እንኳ በዚህ ይግባባሉ፤ ኮሚቴ ተቋቁሞበት አያውቅም። ይህን ምሳሌ ለዓፊያ ስነግራት ግን አረመችኝ። ሙክቱ ባለቤት አለው፣ የእኔ ባለቤት ግን እኔው ነኝ፣ የሚጠየቀውም አንተ ሳትሆን እኔ ነኝ አለችኝ። እርማቷን ተቀብዬ እዚህ አስገብቼዋለሁ፤ እርማት መቀበል እንደማይገድል ክቡራኑ እንዲያዩት ብዬ ነው።

ሦስተኛ፦ ሽማግሌ ስለላካችሁልን። ሰነዱ ከጸደቀ በኋላ ኮሚቴው የዓፊያን አቤቱታ ሊያይ ተሰበሰበና፣ የኮሌጁ ስም ሳይነሳ በሽምግልና ቢያልቅ ይሻላል ብሎ ተስማማ። አሳቡን አልነቅፈውም፤ በእኛ አገር ደም እንኳ በሽማግሌ ይደርቃል። ክቡራኑ ግን የሆነውን ነገር ለሽማግሌዎቹ ለመናገር አፈሩ። ከዓፊያ ቤት ሄዳችሁ የመምህሩን ነገር ጨርሱልን ብለው ብቻ ሸኟቸው። ጫቱን የገዛው መምህሩ ራሱ ነበር።

ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን፣ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ኮሚቴው የላካቸው ሐጂ ሰልማን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እቅፍ ሙሉ ጫት ይዘው ደጄ ቆሙ። ክቡር ዲን ከሌላ አገር መጥተው ከሆነ ላስረዳዎ። በእኛ ዘንድ ሦስት ሽማግሌ ጫት ታቅፎ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለችበት ቤት ሲመጣ፣ ለማጨት ነውና ምን ፈልጋችሁ ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሰላምታ ይባላል፣ ዱኣ ይደረጋል፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ልጁ ጨዋነትና ሥራ ያወራሉ፣ የልጅቱ አባት አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ነውር ነው፤ አፍ አውጥቶ መናገርም ችኮላ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ሐጂ ሰልማን ልጁ የተማረ ነው፣ ደሞዝተኛ ነው፣ ወጣት ደግሞ ስህተት አያጣውም፣ እናንተም ይቅር ባይ ናችሁ አሉ። ይቅር ባይ የሚለው ትንሽ ገርሞኝ ነበር፤ ሳያስፈቅደኝ ከልጄ ጋር ስለተዋወቀ ይሆናል ብዬ በልቤ ተረጎምኩት። ለካ ትርጉም ለእኔም አይሆንልኝም። ባለቤቴ ረቢአ ከጓዳ ሆና በዐይኗ ትጠቅሰኛለች። ጎረቤታችን ፋጡሜ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጫቱን እንዳየች እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሰፈሩም ተቀበላት። እኔ ደግሞ ለእሁድ ገበያ ያቆየሁትን ፍየል አረድኩ። አሚን አልኩ። ሦስት ጊዜ አሚን አልኩ፤ ሦስቱም እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት ዓፊያ ከኮሌጅ መጣች። ፋጡሜ ከደጅ ጠብቃ እንኳን ደስ ያለሽ እያለች ሳመቻት። ልጄ ገብታ ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ከደብተሯ መሀል የኅዳሩን አቤቱታ ቅጂ አውጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ክቡር ዲን፣ ሠላሳ ዓመት ገበያ ውስጥ ስኖር እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ልጄን ያስለቀሳት ሰው ሲመረቅ አሚን የምለው እኔ ነበርኩ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አባ፣ ብነግርህ ሽማግሌ ትልክበታለህ ብዬ ፈራሁ አለችኝ። ከእናንተ ጋር የምጋራው ጥፋት ይኸኛው ነው።

አራተኛ፦ መዝገቡን ፈጥናችሁ ስለዘጋችሁልን። አምስት ወር ያልተከፈተው መዝገብ በሦስት ቀን ተዘጋ። በደረሰን ደብዳቤ እንደተጻፈው፣ ቤተሰቡ ሽማግሌዎቹን በፍሪዳ ስለተቀበለና ዱኣውን ስላጸደቀ ጉዳዩ ወደ መተጫጨት ተሸጋግሯል፤ በአንቀጽ ሰባት መሠረት ደግሞ በተጫጩ ወይም በሚዋደዱ ሰዎች መካከል የሚፈጠር መነካካትም ሆነ መመታታት የቤት ጉዳይ ስለሆነ ኮሚቴውን አይመለከትም። አንድ ትንሽ ፍየል ፍሪዳ በመባሏ በእሷ ስም አመሰግናለሁ። አንቀጹም አስተማሪ ነው። ጥፊ ከማይታወቅ ሰው ሲመጣ ወንጀል፣ ከወዳጅ ሲመጣ ኩርፊያ፣ ከእጮኛ ሲመጣ ፍቅር ይሆናል ማለት ነው፤ እጁ በቀረበ ቁጥር ጥፊው እየቀለለ የሚሄድበት እንዲህ ያለ ሚዛን እኛ ገበያ ውስጥ ቢገኝ ባለቤቱ ይታሰር ነበር።

እንግዲህ ልጄ ሳታውቅ ታጨች። ስለታጨች አልተተነኮሰችም። ስላልተተነኮሰች ደግሞ ሰኔ ዘጠኝ በዚያው ክሊኒክ፣ በዚያው መምህር፣ ለብቻዋ ገብታ የተግባር ፈተና ትፈተናለች፤ ካልተፈተነች ዓመቱ ይቃጠልባታል። ዓፊያ እዚያ ክፍል ብቻዬን ከምገባ ትምህርቱ ይቅርብኝ ብላለች። ላም ስታምጥ አይታ ሐኪም እሆናለሁ ያለች የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ባለፈው ሳምንት መጻሕፍቷን በካርቶን አሽጋ አልጋ ሥር ስትከት አየኋት። በዚህ ላይ መቀለድ አልችልም፤ ሞክሬ አቅቶኛል።

አምስተኛውና ትልቁ ምስጋናዬ አማች ስለሰጣችሁኝ ነው። አማች ሊሆን የመጣን ሰው ማጣራት በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው። ሽማግሌ የወር ቀጠሮ ይሰጠዋል፤ በዚያ ወር የልጅቱ አባት የልጁን ዘር፣ ጠባይና የኖረበትን ሰፈር ይጠይቃል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንዲሉ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ሲሆን ደግሞ አብዝቶ ይጠይቃል። ስለዚህ በዚያ ሐሙስ ለሐጂ ሰልማን የሰጠሁትን የወር ቀጠሮ አልሰረዝኩም። ልጠይቅ ወይ ብዬ ዓፊያን አስፈቀድኳት፤ ጠይቅ አለችኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ ትንኮሳ ልጠይቅ ብዬ ብነሳ በር ሁሉ ይዘጋብኝ ነበር። ልጄን ለእገሌ ልድር ነው፣ ጠባዩ እንዴት ነው ስል ግን የዘጋብኝ የለም፤ የሰው ልጅ ገደል ሲገባ ዝም ማለት ሐራም ነው ብሎ የማይናገር አልነበረም። የቀድሞ አከራዩ ለምን እንዳስወጣችው ነገረችኝ። ባቲ ላይ ከቆላ ግመል የሚያመጣ የሃያ ዓመት ወዳጄ እጄን ይዞ ከገበያው ገለል አደረገኝ። ሴት ልጁ አምና ከኮሌጃችሁ ትምህርቷን ጥላ ቤት የገባችው ትምህርት ጠልታ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ይህን ሲነግረኝ ግመሎቹን እያየ ነበር፤ እኔን ማየት አልቻለም። ሰንበቴ ላይ ሌላ አባት አገኘሁ። ከሚሴ ውስጥ፣ ከቢሮዎ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ እናት። ክቡራኑ በአራት ወር ትርጉሙን አገኙ፤ እኔ በአራት ሳምንት ልጆቹን አገኘሁ። የሦስቱም ወላጆች ቃል ከነፊርማቸው በታሸገ ፖስታ ተያይዟል፤ ፖስታው ለኮሚቴው ብቻ ሳይሆን ከኮሚቴው በላይ ላለው አካልም ደርሷል።

ሐጂ ሰልማን በቀጠሯቸው ቀን ጫት ሳይዙ መጡ። ወሬው ደርሷቸው ነበር። እኔን አልፈው ዓፊያ ፊት ቆሙ፤ ሰባውን ያለፉ ሰው ናቸው። ልጄ፣ የተሸከምኩት ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ተሸክሜ መጣሁ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አሏት። አፉ ብያለሁ አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ወረቀት አምጣ አሉ። እናንተ የላካችኋቸው ሦስቱ ሽማግሌዎች ምን ተነግሯቸው እንደመጡና ምን እንዳልተነገራቸው ጽፈው ፈርመዋል፤ ማን ጫቱን እንደገዛም አልዘለሉትም።

ስለዚህ እጅ ነስተን የምንለምነው ይህን ነው። መዝገቡ ይከፈት። ዓፊያንና ክፍሏን ሌላ መምህር ይፈትናቸው። ልጄ ለማንም እንዳልታጨች ደግሞ በዚያ በሚያምረው ማኅተማችሁ ታትሞ ይጻፍልን፤ ፋጡሜ ያለ ማኅተም አላምንም ብላለች።

ዒዱን በሰላም ያድርስዎ። ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለክቡራኑ አጭር ስብሰባ፣ ለሁላችሁም ሴት ልጆቻችሁ የሆዳቸውን የሚነግሯችሁ አባቶች መሆንን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ ከማያንስ ትዝብት ጋር እሰናበታለሁ።

ሳይጠይቅ አማች የተላከለት፣
አብዱልጀሊል ሙጂብ
የዓፊያ አባት
ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኔ ዘጠኝ ሰኞ ነው። የባቲን ገበያ ትቼ ከክሊኒኩ ደጅ ለመቀመጥ ወስኛለሁ፤ ግመል ነጋዴው ወዳጄም ይመጣል። ከዚያ በፊት እንደገና ሽማግሌ ለመላክ ካሰባችሁ እንዳትደክሙ፤ የከተማው ሽማግሌ ሁሉ ከእኛ ጋር ስለሚቀመጥ የሚላክ አልቀረላችሁም። ራሳችሁ መምጣት ይኖርባችኋል። ስትመጡ ከእኔ ጋር ጉዳይ የላችሁም፤ በሩን የምትከፍትላችሁም፣ የምታናግሯትም፣ አይሆንም የምትላችሁም ዓፊያ ናት።