ላስቲኳ ያልተነሳ መኪና

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፤

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ በነካው ቁጥር ሰቅዞ ይይዝህ የነበረው ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህስ ጥርስ አወጣች? እኛ ጋ ሁሉም በየፊናው ይሮጣል። እኔ፣ ድካምን ከበሽታ ካልቆጠርከው፣ ደህና ነኝ። እማዬም አለች። የእሷን ነገር ወደ ታች እጽፍልሃለሁና ቸኩለህ ገጹን እንዳትገለብጥ።

ደብዳቤ መጻፌ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው ደውለህ «መኪናዋ እንዴት ናት? ስትነጃትስ ምን ትመስላለች? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ» ስትለኝ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጆሮዋን ጥላ ነበር። ስለዚህ «አሪፍ ናት» ብቻ ብዬ ወሬውን ቀየርኩት። አሁን እሷ ውስጥ ኩላሊቷን እየታጠበች ነው። እኔ ደግሞ የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ወረቀቱን መሪው ላይ አስደግፌ እጽፍልሃለሁ። ጽሕፈቴ ከተጣመመ ጥፋቱ የመሪው ነው።

እንግዲህ በፎቶ አይተህ የገዛሃትን መኪና ልንገርህ። ሞተሯ ባለ ሺህ አምስት መቶ ሲሲ ነው። አውቶማቲክ ናት፤ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የላትም። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ስረግጥ ለምውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማርሽ ስትቀይር አትሰማትም። ነዳጅ ስትሰጣት ግን መጀመሪያ ትጮኻለች፣ ከዚያ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ባለቤቴ ይህን አይቶ «ቁርጥ አንቺን! ሥራ ስትታዘዝ መጀመሪያ ታጉረመርማለች» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ለመቆጣት አቅም አልነበረኝም።

ሰባት ሰው ትይዛለች ይላል ወረቀቷ። እውነቱን ከፈለግክ አምስት ሰውና ሁለት ቅሬታ ነው የምትይዘው። የኋለኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ይገናኛል። ልጆቼ ግን እዚያ ለመቀመጥ ይጣላሉ፣ ደስ ይላቸዋል። ከኋላ ካሉት ወንበሮች አንዱ ታጥፎ ከወለሉ እኩል ስለሚሆን የእማዬ ተሽከርካሪ ወንበር እዚያ ይገባል። ሌላው ላይ ጡረታ የወጣው ቧንቧ ሠራተኛ ይቀመጣል። እሱና ልብስ ሰፊዋ የመንገዳችን ሰዎች ናቸው፤ ከእማዬ ጋር በአንድ ተራ ስለሚታጠቡ ይዣቸው እመላለሳለሁ። በሽታው አንድ ላይ ካዋላቸው ምን ይደረግ፣ እኔም አንድ ላይ እጭናቸዋለሁ።

ከሁሉም የምወድላት በሩንና ወለሉን ነው። በሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ጠባብ ቦታ ብቆምም የጎረቤት መኪና አልመታም። ወለሏ ዝቅ ያለ ስለሆነ እማዬ እግሯን ሳትሰቅል፣ ቤት እንደምትገባ ሁሉ ትገባለች። በፊት ታክሲ ውስጥ ለማስገባት እኔ ከታች ስገፋ ሹፌሩ ከላይ ሲጎትት የነበረውን ሳስታውስ፣ ይህችን መኪና የሠራው ሰው እናት ያለችው መሆን አለበት እላለሁ።

አነዳዷን ከጠየቅከኝ፣ መሪዋ ቀላል ነው፤ ጠባቡ ቅያሳችን ላይ አንዴ ጠምዝዤ እዞራለሁ። ኩርባ ላይ ግን ትንጋደዳለች። ባዶዋን ስትሆን ጉድጓድ ላይ ትዘላለች፤ ሰው ሲሞላባት ረግታ ትሄዳለች። ከእጥበት የወጣ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ስለዚህ ሦስቱንም እንደ እንቁላል ይዣቸው ነው የምመለሰው። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋብኛል፣ ይሳደባል፤ ለምጄዋለሁ። ወደ ሆስፒታሉ የሚያስወጣው ዳገት ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣውን ካላጠፋሁላት ትለምነኛለች። ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሁለት ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ሰውዬ፣ ከኋላ ሆኖ «ልውረድና ልግፋልሽ?» ይለኛል። ፍሬኗ ስለታም ነው፤ ሲነኩት ቀጥ ያደርጋል። ጉዱም የመጣው ከዚያ ነው።

እናታችንን ታውቃታለህ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ነው የምንጫነው። መኪናዋ ስትመጣ ወንበሮቿ ሁሉ በላስቲክ እንደተሸፈኑ ነበር፤ እማዬም «ባለቤቱ መጥቶ ሳያየው ማንም እንዳይነካ» አለች። ጋቢናውን ደግሞ ጭራሽ ከለከለች። የአንተ ቦታ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ከኋላ ተጣጥፎ፣ ጋቢናው ባዶውን እየሄደ፣ የሚያየን ሁሉ የአንድ ትልቅ ሰው ሹፌር መስየው ይሆናል። እኔም ለመከራከር ደክሞኝ እሺ አልኩ። ለካ ያ ላስቲክ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።

ባለፈው ወር ከእጥበት ስንመለስ አንድ ብስክሌተኛ ዘው ብሎ ገባብኝ። ፍሬኑን ነካሁት። እማዬ ቀበቶው የምትታጠብበትን ክንዷን እንዳይነካባት ከጀርባዋ አድርጋው ኖሮ፣ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወለሉ ላይ ወደቀች። መርፌው የገባበት ቦታ ተከፈተና ደሙ መውረድ ጀመረ። እኔ እጄን ከመሪው ማላቀቅ አቃተኝ። ልብስ ሰፊዋ፣ ራሷን መያዝ የማትችለው ሴትዮ፣ ሻሿን ፈትታ የእማዬን ክንድ ጭምቅ አድርጋ ያዘችና «ምን ትጠብቂያለሽ? ወደመጣሽበት መልሺን እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። መለስኳቸው። ደሙን አቆሙላት፤ ነርሷ ግን እንደ ሕፃን አቁማ ተቆጣችኝ። የሚገባኝ ነበር።

በማግሥቱ እኔና ባለቤቴ የመካከለኛውን ረድፍ ላስቲክ ገፈን ጣልነው። እማዬ በመስኮት አየችን። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ አልጮኸችም። ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «እንግዲያው አይመጣም ማለት ነው» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። የእጥበት ቀኗ ሲደርስ «በዚያ መኪና አልሄድም» አለች። ታክሲ አመጣሁ፤ በታክሲውም አልሄድም አለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። በመጨረሻ «ተይኝ ልጄ፣ ደከመኝ። የምጠብቀው ሰው ከሌለ ክንዴን በመርፌ የማስበሳው ለምኔ ነው?» አለችኝ።

አንድ ቀን ዘለለች። ሁለተኛውንም ዘለለች። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አለ፤ ስትተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ቁጭ ብላ ማደር ጀመረች። ሐኪሙ ጋ ብደውል «ሌላ ቀን ከዘለለች እኔን አትጠይቁኝ» አለኝ። ወንድምዓለም፣ የደከመኝ መንዳቱ እንዳይመስልህ። እሷ እዚህ እኔ አጠገቧ ቆሜ እያለሁ የምትጠብቀው ሰው እንደሌላት ስትነግረኝ ነው የደከመኝ። ሁሌም ያንተ እናት ናት፤ በዚህ ቀንቼ አላውቅም ብዬ አልዋሽህም።

ለመምጫህ ያጠራቀምከውን ገንዘብ መኪና እንዳደረግከው ለእኔ ነግረኸኛል። ለእሷ አልነገርካትም። አልፈርድብህም። ይህች መኪና ባትኖር እስካሁን በታክሲ ወገቧ ተሰብሮ ነበር። ግን እናታችን መኪና አልነበረም የምትጠብቀው። እሷ የመሰላት፣ መኪናው ቀድሞ ተላከ፣ ባለቤቱ ይከተላል ነው፤ አንተ ሳታየው ላስቲኩ ሲነሳ ቀረ ብላ ቆረጠች።

እና ዋሸሁ። ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «ወንድሜ ደውሎ ነበር» አልኳት። ዞራ አየችኝ። «ላስቲኩን ያስነሳው እሱ ራሱ ነው። ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ይመጣል። ሚስቱንና ልጁንም ይዞ ነው የሚመጣው» አልኳት። አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ አፌን ማን ይያዘው! እማዬ ብርድ ልብሱን ከላይዋ ገፈፈች። ከዚያ «ልብሴን አቀብዪኝ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም እጥበት አላመለጣትም። የእግሯም እብጠት ጎደለ። ለነርሷም፣ ለጥበቃውም፣ ለሁሉም «ልጄ ሊመጣ ነው» ትላለች። ልብስ ሰፊዋን ለትንሿ ልጅህ ቀሚስ አሰፍታታለች፤ ቁመቷን በስልክ ከላክኸው ፎቶ በግምት ለክተው ሁለቱም በመለኪያው ተጨቃጨቁ። ቧንቧ ሠራተኛው «እነሱ ሲመጡ እኔ የት ልቀመጥ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት «አንተ በእግርህ ትሄዳለህ» አለችው። ስትቀልድ የሰማኋት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ብትቆጣኝ ተቆጣኝ። ሳላማክርህ ቀን ቆርጬልሃለሁ። ቲኬቱ ከከበደህ መኪናዋን ሽጬ ልላክልህ እንዳልል፣ እማዬ በምን ትሄዳለች? ተበደር፣ አለቃህን ለምን፣ የምታደርገውን አድርግና ና። ለአንድ ሳምንትም ቢሆን ና። የማትመጣ ከሆነ ግን እኔ አልነግራትም፤ አንተ በራስህ አፍ ንገራት። ይህን አንዱን ሸክም ብቻ ከእኔ ላይ ውሰድልኝ፤ ሌላውን እኔ እነዳዋለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ሳታውቀው ስሟን በውሸቴ ውስጥ ስላስገባሁ ይቅር ትበለኝ። ትንሿን ልጅ ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ባለቤቴ ከብየዳ ሥራው ሲመጣ እጁ ጥላሸት ነውና ሰላምታዬን «በአንቺ እጅ ጻፊልኝ» ብሏል። ጉረኛው ልጄ «አጎቴ ሲመጣ እኔ ነኝ በሩን የምከፍትለት» እያለ ነው፤ ታናሽ እህቱም እሱ ያለውን ሁሉ ትደግማለች። ልብስ ሰፊዋና ቧንቧ ሠራተኛው ሳያውቁህ ይወዱሃል፤ ሰላም በይልን ብለዋል።

እማዬ ሰላምታ አልላከችልህም። ጠዋት ስጭናት «ለወንድሜ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልሽ?» ብላት፣ «ምንም አትበይው፤ ሲመጣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አለችኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ

ከሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ
ሐሙስ ከቀትር በኋላ