በጉሬዛ ለምድ ስለ ተከበረው የጉሬዛ ቀን

ለከተማችን የዱር እንስሳት ገጽታ ግንባታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
እንጅባራ

የተከበሩ ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልን? የእንጅባራ ብርድ ጉንፋን ሳያስይዝዎት፣ የቢሮው ወንበርም ወገብዎን ሳያሳምምዎት ይህች ደብዳቤ እጅዎ እንድትገባ እመኛለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ፤ ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ምግብ አልረጋልኝ ከማለቱ በቀር።

ካላስታወሱኝ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ፎቶ ቤት ሙሽራና የክርስትና ልጅ የማነሣዋ ሸጋ ነኝ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የወንዝ ዳር ጫካ እየሄድኩ ጉሬዛ ስለማነሣ፣ ሰው የጉሬዛ ሚዜ ይለኛል። ቅር አይለኝም፤ ጉሬዛ ቢያንስ ፊቴን አቅዪልኝ ብሎ አይጨቀጭቀኝም። ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፍኩ፣ አጻጻፌ ላይ ስሕተት ቢያገኙ በተለመደው ትዕግሥትዎ ይለፉልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሰሌዳው ከልብ አመሰግናለሁ። «ጉሬዛን እንጠብቅ» የሚለው ጽሑፍ ከአስፋልቱ ላይ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ፣ ፊት ለፊቱ ተሰልፈው የነበሩትን የብሳና ዛፎች በሙሉ አስቆርጠውለታል። እነዚያ ብሳናዎች የወንዙን ጫካ ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ጋር የሚያገናኙ የጉሬዛዎቹ መንገድ ነበሩ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚዘል እንጂ እንደ እኔና እንደ እርስዎ መሬት ለመሬት የሚሄድ ፍጥረት አለመሆኑ፣ ከስብሰባ ብዛት የተነሣ ሳይዘነጋዎት አልቀረም።

ሁለተኛ፣ «የጉሬዛ ቀን» ብለው ስላከበሩት የሰሌዳው ምረቃ። ፎቶ እንዳነሣ ስለጠሩኝ ክብር ተሰምቶኛል። ከበላይ የመጡት እንግዳ ስለ ጉሬዛ ጥበቃ እግራችን እስኪደነዝዝ ተናግረው ሲጨርሱ፣ እርስዎ በአገራችን ደንብ ትልቅ ሰው የሚሸለመውን አስመጥተው በትከሻቸው ላይ ደረቡላቸው፤ የጉሬዛ ለምድ። እንግዳውም ነጩን ጸጉር እየደባበሱ እንዴት እንደሚለሰልስ አደነቁ፣ ሰዉ አጨበጨበ። ጠጋ ብዬ ነውር አይደለም ወይ ብልዎት፣ «ይቺማ ድሮ የሞተች ናት፣ ወይዘሮ ሸጋ፤ አዲስ አላስገደልንም» ብለው አጽናኑኝ። አባቶቻችንም ይለብሱት ነበር ይሉኝ ይሆናል። ለብሰዋል፤ ግን ቆዳውን ደርበው ጉሬዛን እንጠብቅ ብለው በሬሳ አላሾፉም።

ሦስተኛ፣ አዲስ አላስገደልንም ባሉ በሳምንቱ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማለት ነው፣ እርሻቸው ወንዙ ዳር የሆነው እትዬ ዘውድነሽ ደወሉልኝ። አንዲት ጉሬዛ ልጇን ሆዷ ላይ ለጥፋ፣ ብሳናዎቹ በነበሩበት ገላጣ ልትሻገር መሬት ወርዳ ውሾች ዘነጣጠሏት። «ነይና አንሺያት እንጂ፤ ሚዜዋ አይደለሽ?» አሉኝ። ስደርስ ውሾቹን በአዊኛ እየረገሙ በድንጋይ ያባርራሉ፤ ግልገሏ ከተቀደደው ሆድ አልላቀቅ ብላለች፣ ዝንቡ ከሁለቱም ላይ ሰፍሯል። ካሜራዬን ሳልከፍት ዳር ሄጄ አስታወክሁ። ግልገሏም በማግሥቱ ሞተች። ለተከበረ ሰው እንዲህ ተብሎ እንደማይጻፍ አውቃለሁ፤ በቦታው ስላልነበሩ ሽታው እንዳያመልጥዎት ብዬ ነው።

አራተኛ ብዬ፣ በብሳናዎቹ ፋንታ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚሉት የውጭ አገር ግራር ስላስተከሉበት ጥበብዎ ልጽፍ ነበር። ጉሬዛ ከሰል አይነግድም ብዬ ልተወው፤ ዋናው ጉዳይ ይቀድማል። የቀሩት ጉሬዛዎች በወንዙ ዳር የኮሶ ዛፎች ላይ ተከበው ቀርተዋል። ወዲህ እንዳይመጡ ገላጣው፣ ወዲያ እንዳይሄዱ እርሻው። ትናንት ሳያቸው ታዲያ በእያንዳንዱ ኮሶ ግንድ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ምንድነው ብዬ ብጠይቅ፣ ለጎብኚዎች መኪና ማቆሚያ ሐሙስ ይቆረጣሉ አሉኝ። ጎብኚው መኪናውን አቁሞ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ብዙ ደከምኩ፤ ሰሌዳውን ይሆናል።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ናት፤ ኮሶዎቹን ይተዉልን። ሰሌዳ አያስፈልገንም፣ የጉሬዛ ቀንም አያስፈልገንም፤ እርስዎ ካልጠበቋቸው በራሳቸው ይኖራሉ።

በጥበቃዎ ሥር ሆኜ እስካሁን ባለመቆረጤ ምስጋናዬ ወደር የሌለው፣ ጤናዎንና እረፍትዎን፣ በተለይም ረዥም እረፍትዎን፣ አጥብቄ የምመኝልዎ አክባሪዎ

ሸጋ ይኸነው
ፎቶ አንሺ፣ እንጅባራ

ማስታወሻ፦ ሐሙስ ጠዋት እኔና እትዬ ዘውድነሽ ከዕድራችን ሴቶች ጋር ኮሶዎቹ ሥር ተቀምጠን እንጠብቃለን። መጋዝ የሚይዙትን ልጆች ብቻቸውን እንዳይልኩብን፤ እርስዎም አብረው ይምጡ፣ መሐል ላይ ቦታ እንይዝልዎታለን። ደህናውን ኮት ግን ቤት ይተዉት፤ ጉሬዛዎቹ ከላይ ሆነው ሲሸኑ ኃላፊና ተራ ሰው አይለዩም።