የቲቸር ዓለምጸሐይ ምሳ

ጥቅምት 12
ዛሬም ንፍሮ። ቦሎቄው አልበስል ብሎ እስከ ሰባት ሰዓት አስጠበቀን። ሰዉ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ... አንድም ያጉረመረመ የለም። ትዕግሥት ነው ወይስ እኛን መፍራት?
ወንድም ሳምሶን የምሳውን ጸሎት አስረዘመው። የነጻ ምሳ ምገባው አስተባባሪ፣ የእኔም አለቃ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። የማዕድ ቤት ሥራ ኮንትራቴ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ያልቃል። ስለ እድሳቱ ምንም አላለኝም።

ጥቅምት 15
ቲቸር ዓለምጸሐይ መጡ!
ጨንቻ ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ሰልፉ ውስጥ ቆመዋል። በጣታቸው አወቅኳቸው። ያቺ ጠመኔ ሲይዙ የምትጣመም ጣት።
"ሰብሊ... አንቺ ነሽ?"
"ቲቸር!"
"ስሜን አትጥሪ። እባክሽ ልጄ።"
ከበሉ በኋላ ቧንቧው ጋ አጫወቱኝ። ባላቸው ሞተዋል። ጡረታቸውን የቤት ኪራይ ይበላዋል። እዚሁ ሲቀላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። "እዚህ የሚያውቀኝ የለም ብዬ ነው ከጨንቻ የወረድኩት" አሉ።
እኔም ኮንትራቴ ሊያልቅ መሆኑን ነገርኳቸው። ለማንም እንደማልናገር ማልኩላቸው።

ጥቅምት 27
እንግዶች ሊመጡ ነው። ከውጭ፣ ካሜራ ይዘው። ወንድም ሳምሶን ቢሮ አስጠራኝ።
"እህት ሰብሊ፣ ጥሩ አድርጎ የሚናገር ሰው ፈልጊልኝ። ታሪክ ያለው። ዘይቱም ዱቄቱም የሚመጣው በቪዲዮው ነው።"
ልወጣ ስል ጠራኝ።
"ያንቺንም ነገር ያኔውኑ አነሳላቸዋለሁ።"
ነገርኩት። ስማቸውን፣ ጨንቻን፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ማስተማራቸውን... ሁሉንም። ማን አስገደደኝ? ማንም።

ኅዳር 2
ቀረጿቸው። ሳህናቸውን እንደያዙ ማይክ ደረታቸው ላይ ሰኩባቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። እምቢ ብለው የት ይበሉ?
ሳምሶን እያስተረጎመ እሳቸው አጭር አጭር ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞሩ። አልተቆጡም... አዩኝ፣ በቃ።
ምሳውን ሳይነኩት ሄዱ።

ኅዳር 4
ኮንትራቴ ታደሰ። አንድ ዓመት።

ኅዳር 6
ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። የጨንቻ ልጆች ተቀባበሉት። "ውይ ቲቸራችን! እዚህ ደረሱ?" ሐዘኔታቸው ከስድብ ይከፋል።
አራት ቀን አልመጡም። ዳቦና ሙዝ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ገርበብ አደረጉት።
"ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ..."
"ሥራሽን አጸኑልሽ?"
መዋሸት አቃተኝ። "አዎ።"
"እሰይ። ደግ ነው።" ዘጉት።
ዳቦውን ይዤ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ራሴ በላሁት። እንዴት ይርበኛል?

ኅዳር 11
ቤታቸው ባዶ ነው። "ካምባ፣ የባላቸው ወንድም ዘንድ ሄደዋል" አሉኝ አከራያቸው። "ማንም እንዳይከተለኝ ብለዋል።"
በቀጥታ ሳምሶን ጋ ገባሁ። ቪዲዮውን አጥፋው አልኩት።
"የስድስት ወር ዱቄት ተገኝቶበታል። ለአንድ ሰው ብዬ መቶ ሠላሳውን ላስርብ?"
እውነቱን እኮ ነው። የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ኅዳር 19
ዛሬ ካሜራው ተመለሰ። ሳምሶን እንግዶቹን ሲቀበል አዳራሹ ውስጥ ሰልፉ ፊት ቆምኩ። "መቀረጽ የማይፈልግ በጓሮ ይምጣ። ምሳው ያው ነው" አልኩ። በጋሞኛም ደገምኩት።
መጀመሪያ የተንቀሳቀሰ የለም። ከዚያ አንዲት አሮጊት ሳህናቸውን አንስተው ወጡ። አንድ ሽማግሌ ተከተሏቸው። ከዚያማ... አዳራሹ ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው። አራት! ያን ሁሉ ጊዜ ደስ ብሏቸው የሚቀረጹ ይመስለኝ ነበር። ወይስ እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው?
ድስቱ እስኪያልቅ ጓሮ ቆሜ ጨለፍኩ። ሳምሶን ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። የማዕድ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለኝ።
"ነገ አትምጪ።"
ሽርጤን መስቀያው ላይ ሰቅዬ ወጣሁ።
ቲቸር ይህን አይሰሙም። ካምባ ሄዶ ማን ይነግራቸዋል? ቪዲዮው ግን ካምባም ደርሷል።