ቀኙን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ካዛንቺስ፣ የካቲት 4 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ጓደኛ፤

እንደምን ከረምክ? ጋራዡ እንዴት ነው? ጣትህ ላይ የነበረው ቁስል ዳነልህ ወይ? እናትህስ ደህና ናቸው? እኛ ለጠየቀን ሰው ሁሉ እንደምንለው ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ቤተ ክርስቲያን መሳለሟን አልተወችም። አባባ ይበላል፣ ይተኛል፣ ዜና ያያል። እኔም የአስራ አንደኛን ሁለተኛ መንፈቅ ጀምሬያለሁ።

የምጽፍልህ ስልክ ስለማታነሳ ነው። ማለቴ፣ ብታነሳም በስልክ የምናገረው ነገር አይደለም። ሁለት ጊዜ ላንቻ ድረስ መጥቼ ከጋራዡ ማዶ ቆሜ ተመልሻለሁ። አንዴ መኪና ስር ተኝተህ እግርህ ብቻ ይታይ ነበር። ይህን ወረቀት አብሮህ ለሚሠራው ለጉርሜሳ እሰጠዋለሁ፣ እሱ እጅህ ላይ ያደርስልኛል። ካነበብከው በኋላ ብትቀደው አልቀየምህም። ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። እቀናብሃለሁ። “ቀንቼብህ ነበር” ብል ለእኔም ይቀለኝ ነበር፣ ግን ውሸት ይሆናል።

አባባ ካራቫኗን ያመጣት እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ አንተ ያኔ ቤታችንን አታውቀውም። የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ለዓመታት ሾፌር የሆነለት ፈረንጅ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ትቶለት ሄደ። ፔጆዋ ጎትታት ስትመጣ ሰፈሩ ሁሉ ጎማ ያለው ቤት ሊያይ ወጣ። እማዬም “የምንኖርበት የቀበሌ፣ የምንጎትተው የግላችን!” ብላ ሳቀች። ለሙሽሮች እናከራያት ያለው ወንድሜ ኪዱ ነው። “ሙሽራ መናፈሻ ፎቶ ልትነሳ ስትሄድ ልብስ መቀየሪያ አጥታ ዛፍ ለዛፍ ትንከራተታለች፤ መስታወት እንሰቅላለን፣ መጋረጃ እናደርጋለን፣ በቃ!” አለ። እውነትም ሆነ። ሰባት ሰው የምትይዘው የናፍታ ፔጇችን፣ ክረምት ሶደሬ እኛን የምታደርስ የቤት መኪና፣ በጥር ቅዳሜና እሁድ የሙሽራ ቤት ጎታች ሆነች። ከመስቀል አደባባይ ወደ እኛ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ ከኋላዋ የሚሰለፈው ሚኒባስ ጡሩምባ ትዝ ይልሃል።

ወደ ፊት መጎተቱን ማንም ይችለዋል፤ ጉዱ ወደ ኋላ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ካራቫኗ ወደ ግራ ትሄዳለች። የግቢያችን በር ደግሞ ከእሷ የሚሰፋው በሁለት መዳፍ ነው። ስለዚህ አባባ መሪውን ይይዛል፣ ኪዱ ከኋላ ሆኖ ይጣራል። “ና፣ ና፣ ና! ወደ ቀኝ ስበር! መልስ! ቀጥ አድርግ! በቃ!” አንድ ቀን እኔም “ና!” ብዬ ብጮህ አባባ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና፣ “ሁለት ሰው አይጣራም፣ አንዳችሁ ዝም በሉ” አለ። ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ኪዱ ከሞተ በኋላ ፔጆዋና ካራቫኗ ሸራ ለብሰው ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ቆሙ። አባባ በአጠገባቸው ሲያልፍ እንኳ ዞር ብሎ አያይም ነበር። እኔ ሞክሬያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን አራግፌ፣ ጎማ ነፍቼ፣ “አባባ፣ ሞተሯን ላስነሳት?” እለዋለሁ። “ትምህርትህን አጥና” ይለኛል። ከዚያ አንተ በታኅሣሥ መጣህ። ኮፈኑን ከፈትክና፣ “ጋሼ፣ ናፍታ ዝም ብሎ ከከረመ ይበላሻል፣ እንደ ሰው ነው” አልከው። ተነስቶ ጫማውን አደረገ። አንድ አረፍተ ነገር ነው የተናገርከው!

መጀመሪያ የወጣን ቀን ጎረቤታችን እትዬ ሸዋአየሁ በራቸው ላይ ቆመው አባባን በጥቁር ልብሱ ሲያዩት፣ “ሐዘንተኛ ሰው ሙሽራ ሲጎትት ዛሬ ገና አየሁ” አሉ። እኔ በንዴት ፊቴን አዞርኩ። አንተ ግን፣ “እትዬ፣ ሙሽራዋን የሚጎትታት ሙሽራው ነው። ጋሼ የሚጎትቱት ልብሷን ነው” አልካቸው። አባባ ሳቀ። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ያን ሳቅ ስፈልገው ነበር፤ በትምህርት ቤት ወሬ፣ በኳስ ወሬ፣ በሬዲዮ ቀልድ። አንተ መንገድ ላይ አገኘኸው።

ከዚያ በኋላ መቁጠር ጀመርኩ። የፊት ወንበር ለአንተ፣ የኋላው ከሙሽራዋ ሻንጣ ጋር ለእኔ። ቁልፉ ለአንተ። እማዬ የኪዱን የቆዳ ጃኬት ወደ እኔ እያየች “ለዚህኛው ይሰፋዋል” ብላ ለአንተ ሰጠችህ፤ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ ልክ እንደሚሆነኝ አላሰበችም። እትዬ ሸዋአየሁም ውሃ ሊቀዱ መጥተው፣ “እግዜር ልጅ ተካላችሁ” አሏት፣ እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ እያጠናሁ። እና ያን ቀን፣ ጎማ ስትቀይሩ፣ አባባ “ኪዱ፣ ክሪኩን አቀብለኝ” አለህ። ሁላችንም ደረቅን። አንተ ክሪኩን አቀበልከው። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ ኪዱ ብሎኝ አያውቅም። አፍንጫችን አንድ፣ ድምፃችን አንድ፣ ስልክ ሳነሳ ዘመድ ሁሉ በእሱ ይሳሳት የነበረው እኔ ነኝ። አባባ ግን የተሳሳተው በአንተ ነው።

አሁን ወደ ጥር መጨረሻዋ እሁድ ልምጣ።

ከመናፈሻው ስንመለስ አስራ አንድ ሰዓት ነበር። አንተ በግራ፣ አባባ በስፖኪዮው በሚያይህ በኩል ቆምክ። እኔን ደግሞ፣ “አንተ ቀኙን ያዝ፤ ሲጠጋ ‘በቃ’ በል” አልከኝ። አባባ ከመኪናው ውስጥ “ሁለት ሰው አይጣራም!” ሲል፣ “ጋሼ፣ እሱ አይጣራም፣ ያስቆማል” አልከው። ከኪዱ ጀምሮ በዚያ በር ላይ ቦታ የሰጠኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ የሰማሁት ድምፅህን ብቻ ነበር። “ና፣ ና፣ ና” ስትል የኪዱ አባባል ነው፤ “መልስ”ን የምትጎትተው እንኳ እንደ እሱ ነው። ከማን ተማርከው? መቼ ቁጭ ብሎ አስተማረህ?

የበሩ ብረት ወደ ካራቫኗ ሲጠጋ አየሁት። ክንድ ሲቀር አየሁት። መዳፍ ሲቀር አየሁት። አፌን ዘግቼ ቆምኩ። አልደነገጥኩም፣ አልተዘናጋሁም። እያየሁ ዝም አልኩ። ቆርቆሮው ከመስኮቱ እስከ መጨረሻው ሲቀደድ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጥርሴን ያንቀጠቅጠዋል።

አባባ ወርዶ ሲያይ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት አንተ፣ “ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ፣ ቀኙን ሳላረጋግጥ ነው ‘ና’ ያልኩዎት” አልክ። አንዴ ወደ እኔ አየህ። ማወቅህን አወቅኩ። አባባም ያን ክፉ ቃል ተናገረ፣ “ኪዱ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።” ቁልፉን ኮፈኑ ላይ አስቀምጠህ ወጣህ። ጃኬቱንም አውልቀህ በሩ ላይ ሰቀልከው። እና እኔ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እስከ እራት ድረስ ደስ አለኝ።

አባባ እራት አልበላም። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሥራ ሲመጣ ፔጆዋ ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሳ ይቀመጣል። ለሰፈራችን ልጅ ለዮርዲ ከሁዳዴ በፊት ባለችው የመጨረሻ እሁድ ለሠርጓ ካራቫኗን ይዞ ሊመጣ ቃል ገብቶላት ነበር፤ “አልችልም፣ ሌላ ፈልጉ” ብሎ ሊልክባት ነው። አንድ የቄራ ሰው ደግሞ ጎማዋን ነቅሎ ሱቅ ሊያደርጋት ይጠይቃል። አባባ “እስቲ ሰኞ ና” ብሎታል። ይህን ስሰማ ነው ያልቻልኩት። ያዘንኩት ለካራቫኗ አይደለም። አባባ ዳግመኛ ሸራ ሲለብስ ማየት አልቻልኩም።

ባለፈው ሐሙስ በፔጆዋ የፊት በር ገብቼ በአንተ ወንበር ተቀመጥኩ። “አባባ፣ ብረቱን አይቼው ነበር” አልኩት። እጁን ከመሪው አነሳ። ይመታኛል ብዬ ነበር። “ያን ልጅ ሁለቴ በደልነው” አለ። እንዴት ሁለቴ አልኩት።

ነገረኝ። ኪዱ ማክሰኞ ሌሊት ሆስፒታል ሲሞት፣ እኔ ለአስረኛ ክፍል ማትሪክ እንዳጠና አክስቴ ጀማነሽ ቤት ላንቻ ነበርኩ። ዘመድ ተሰብስቦ “ፈተናው እስኪያልቅ አይነገረው፣ መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይሁን” ብሎ ሲወስን፣ ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ መሃል አንተ ተነስተህ፣ “ወንድሙ ነው፣ ይነገረው። ፈተና በዓመቱ ይመጣል፣ ቀብር አይመለስም” አልክ አሉ። አባባ፣ “አንተ ማን ነህና ነው?” አለህ። ረቡዕ እኔ ሒሳብ ስፈተን ቀበራችሁት። ከዚያ ደግሞ፣ እኔ ስለማምንህ፣ በቀሩት ሁለት ቀናት በፔጆዋ ፈተና እንድታደርሰኝ ለምኖ፣ እንዳትነግረኝ በኪዱ ስም አስማለህ።

ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ የጠላሁህ በቀብሩ ማግሥት፣ በዚያ የፈተና ሐሙስ ጠዋት ምክንያት ነው። ወንድሜን ቀብረህ በማግሥቱ ቀልድ የነገርከኝ ሰው ነህ። “ያላወቅከውን ሁሉ ሲ በል፤ ሲ አፏን ከፍታ ነው የምትጠብቅህ” አልከኝ። እኔም ሳቅኩ። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ዘመድ እያለቀሰ ሲገባ ከሁሉም ይልቅ የጮህኩት በአንተ ላይ ነው። አንገትህን አንቄ “ውሸታም!” ብዬሃለሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ።

አሁን ስለዚያ ሐሙስ ለማንም ያልነገርኩትን ልጻፍልህ። የፔጆዋ የኋላ ወንበሮች ታጥፈው ነበር። ምንጣፉ ላይ የጧፍ ቁራጭ ወድቋል። ጫማህ በደረቀ አፈር ተለውሷል፣ አንተ ደግሞ ጫማህን ሳትወለውል ከቤት የማትወጣ ሰው ነህ። ሁሉንም አየሁ። ስታዲየም አካባቢ መብራት ሲይዘን “ስማ” አልከኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ሄደን “ስማ” አልከኝ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሞተሩን ሳታጠፋ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቀስ ብለህ፣ “ስማኝማ” አልከኝ። እኔ እጄን ዘርግቼ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።

ከዚያ ነው ስለ ሲ የቀለድከው።

ሌላ አልጨምርም። አንተ ያን ቀን አጠገቤ ነበርክ።

አሁንም እቀናብሃለሁ። አፈር ያለበስከው አንተ ነህ። በመጨረሻው ሳምንት ሌሊቱን አብረኸው ያደርከው አንተ ነህ። ይህን ልትሰጠኝ አትችልም፣ ግን ልትነግረኝ ትችላለህ። ምን አለ? ስለ እኔ ጠየቀ ወይ? ቀብሩ ላይ ማን ማን መጣ? ዝናብ ነበር? “ይጎዳዋል” ብለህ የምታስቀርብኝ ነገር አይኑር። ሬዲዮኑን አልነካም።

ለዮርዲ መልእክቱ ገና አልተላከላትም። አባባን እስከ ዓርብ ድረስ እንዲታገሰኝ ለምኜዋለሁ። ቆርቆሮውን ባለፉት ሁለት ቀናት በመዶሻ እያቃናሁት ነው፣ አላማረም፤ ስታየው ትስቃለህ። ጃኬቱን እኔ ለብሼው አየሁ፤ እጅጌው ጣቴን ይሸፍነዋል። ይጠብቅሃል።

ለአባባ ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩልህ እንደሆነ ነገርኩት። “ምን ልበልልህ?” አልኩት። ይቅርታ በለው የሚል መስሎኝ ነበር። እሱ ግን፣ “እሁድ አንድ ሰዓት ላይ ሞተሯን አሙቄ እጠብቀዋለሁ በለው” አለኝ።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ቸሩ መድኃኔዓለም እጅህን ከብረት፣ ዓይንህን ከእሳት ይጠብቅልህ። መኪና ስር ስትተኛ ክሪኩን ደጋግመህ እይ። ሰላም ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምህ