የፈረስ ጫማ ሠሪው የ“ጋሽ ሞረድ” የሕይወት ታሪክ፣ ሳይናገሩት ከቀረው ቃላቸው ጋር

ሥራችሁን ፈታችሁ እስከዚህ የሸኛችሁን ወዳጆች፣ የቆማችሁም የተቀመጣችሁም፣ ጥቂት ታገሡን። የምናነበው ረጅም አይደለም። መጨረሻው ላይ ግን አደራ ስላለብን እስከዚያ ጆሯችሁን አትንፈጉን።

ወንድማችን ከፈረስ ጫማ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በጥር ወር 1936 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አንድ ክፍል ነበር፤ በአንደኛው ግድግዳ የስፌት መኪና፣ በሌላው የሚስማር ሣጥን። እናታቸው መርፌ ሲወድቅባቸው የሚያነሡት ሚስማር ነበር እየተባለ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ ይሳቃል።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታትለዋል። በ1952 ዓ.ም. የአባታቸው ወገብ እምቢ ሲል በእርሳቸው እግር ተተክተው በጋሪ ፈረሶች ግቢ ሥራ ጀመሩ። “ጋሽ ሞረድ” የተባሉት ግን በሥራ ቦታ አይደለም። በ1961 ዓ.ም.፣ በገዛ ሠርጋቸው ቀን፣ አማታቸው ከሙሽራው የኋላ ኪስ የሰኮና ሞረድ መዘው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ስሙም በዚያው ቀረ።

ያገቧቸው ባለቤታቸው በሆስፒታል የቁስል ማሸጊያ ክፍል ረዳት ነበሩ። ዝምተኛ፣ እጃቸው ቀላል፣ ዓይናቸው ግን የሚያልፈው ነገር የሌለ ሴት። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በደግ አሳድገዋል።

ለማታውቁት እንንገራችሁ። የፈረስ እግር ሲነሣ ከሰኮናው ሥር መሐል ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል አለች፤ መሬት ሲረገጥ ትለጠጣለች፣ ሲነሣ ትመለሳለች። ጋሽ ሞረድ “ትራሷ” ይሏት ነበር። ጋጣው እርጥብ ሲሆን ትራሷ ትበሰብሳለች፤ ትጠቁራለች፣ ትሸታለች፣ እየተበላች ትጎደጉዳለች። ይህን በሽታ ወንድማችን ገና እግሩ ሳይነሣ ከበር ላይ በጠረኑ ያውቁት ነበር፤ ባለጋሪዎቹም አንድም ቀን ሲስቱ ስላላዩአቸው ያምኗቸው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ባለጋሪው፣ “ሻሼ” የሚሏትን ግንባረ ነጭ ባዝራ ይዘው መጡ። ኑሯቸውም ጌጣቸውም እርሷ ነበረች። ጋሽ ሞረድ የኋላ እግሯን አንሥተው አሸተቱ፤ ብስባሽ ነው አሉ። ቆንጠር አድርገው ጠረቡ፣ ሬንጅ የነካ ጨርቅ ወተፉበት፣ በቆዳ ከድነው ጫማዋን መቱባት። አልሻል አለ። አራት ወር ሙሉ ያንኑ ደጋገሙት።

ጨርቁን የሚያጥቡት ባለቤታቸው ነበሩ። ገንዳው ላይ ትኩስ ደም ቢበዛባቸው አንድ ቀን ራሳቸው ጎንበስ ብለው እግሯን አዩ። ትራሷ አልጎደጎደችም፤ እንደ አበባ ጎመን ነጭ ሆና አብጣለች፤ በጣት ሲነኳት ትደማለች፣ ባዝራዋም እግሯን ትነጥቃለች። ግቢው ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

“ብስባሽ ቢሆን ይበላት ነበር። ይሄ እኮ እየበቀለ ነው። የእንስሳት ሐኪም ይየው እስቲ።”

ጋሽ ሞረድ ቀና ሳይሉ፣ “አንቺ ሂጂና የሰው እግር እሸጊ” አሏቸው። ግቢው ሳቀ። የገዛ ወንድማቸው፣ ባለጋሪውም ሳቁ።

ሐኪሙ የተጠራው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያ የሚበቅል ሥጋ በተከደነና በራሰ ቁጥር ደልቶት ተረከዟ ድረስ ወጥቷል፣ ሌላውንም እግር ይዟል። በጊዜው ተጠርቦ፣ በየቀኑ ደረቅ ፋሻ እየተቀየረለት ደረቅ ጋጣ ውስጥ ቢያዝ ተስፋ ነበረው አሉ ሐኪሙ። ማዳን ስላልተቻለ ሻሼ በሚያዝያ ተገደለች። ባለጋሪው መጋዘን ገብተው ጆንያ ተሸካሚ ሆኑ፤ ለአሥራ አንድ ዓመትም የእህታቸውን ደጅ አልረገጡም።

ባለቤታቸው “ብዬህ አልነበረም?” ብለው አያውቁም። ወንድማችን በመጨረሻ ቀኖቻቸው እንዳሉት፣ ቢሏቸው ኖሮ ይቀላቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሐኪሙ ዘንድ እየሄዱ ተማሩ። አራቱንም እግር ሳያጥቡና ሳያዩ መናገር ተዉ። አንድ የሚያነክስ ፈረስ ሦስት ጊዜ በአንድ ቦታ መግል ቢቋጥር ሁሉም ሚስማር ወግቶት ነው ሲል፣ እርሳቸው ከሰኮናው ሥር ያለው ነጭ መስመር ወደ ውስጥ መጉበጡን አይተው “ከሰኮናው ግድግዳ ጀርባ የበቀለ ነገር አለ” አሉ። ሐኪሙ ሲከፍተው የጣት ያህል ቀንድ የመሰለ እባጭ ወጣ፤ ፈረሱም ከዓመት በኋላ ጋሪ ጎተተ። ሠራተኞቻቸውንም “በሽታው ሁለተኛ ከተመለሰ ስሙን ቀይሩለት” ይሏቸው ነበር።

የሥራ ቤታቸው ግድግዳ ላይ በጠመኔ “ይበላል ወይስ ይበቅላል?” ብለው ጻፉ። ሲደበዝዝ ያደምቁታል። ከሩቅ የመጣ ሁሉ ያንን እያነበበ ጥበባቸውን ሲያደንቅ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉታል። ጥያቄው የማን እንደሆነ ግን ለአንድም ሰው አልተናገሩም።

ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ያስጻፉት ጋሽ ሞረድ ራሳቸው ነበሩ። ደግ ሚስት፣ ደግ እናት አሉ። ሻሼ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ትልቋ ልጃቸውም ብዕሯን ይዛ ጠብቃ ጠብቃ ወረቀቱን አጠፈችው።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸው ታመመ። ባለጋሪው እየመጡ አልጋቸው አጠገብ ይቀመጡ ነበር፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ፣ ይለያያሉ። ከማረፋቸው ሦስት ቀን በፊት ልጃቸውን ጠርተው ያስጻፉት አደራ እነሆ፣ በቃላቸው፦

“ጥያቄው የእሷ ነው። ትክክል ነበረች። ያኔ በሰው ፊት አዋርጃት ነበርና ይሄም በሰው ፊት ይነበብ። በእሷ የቀብር ቀን ማስነበብ ነበረብኝ፤ አልደፈርኩም። ባለጋሪው ካለ፣ ከፊት አስቀምጡልኝ።”

ባለጋሪው ከፊት ተቀምጠዋል።

ጋሽ ሞረድ በየካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሦስት ልጆች፣ ሰባት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታላቅ እህትና እኒህን የባለቤታቸውን ወንድም ትተው ሄደዋል። ወዳጆች፣ የምትሉት ደግ ቃል ካላችሁ ሰውየው እየሰማ በሉት፤ እንዲህ በወረቀት ሲነበብ ይመሻል።

አምላክ ነፍሳቸውን ባለቤታቸው ካሉበት ያድርስልን። የቀረውን እዚያ ራሳቸው ይንገሯቸው።